ፒክኒክ መጀመሪያ መዋጮ ነበር፦ የቃሉ መነሻና የሐዋሳ ሐይቅ ዳር ምሳ

ሐዋሳ ውስጥ «እሑድ ፒክኒክ አለን» ሲባል ሰሚው ቶሎ የሚያስበው ቦታ ነው። አሞራ ገደል፣ ፍቅር ሐይቅ፣ ታቦር ተራራ፣ ወይም ከከተማው ወጣ ያለ የሐይቅ ዳር መስክ ይመጣለታል። ምን እንደሚበላ፣ ማን እንደሚያመጣው፣ ማን እንደሚከፍል ከቃሉ አይሰማም። ቃሉ በተወለደበት ዘመን ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነበር። ፒክኒክ የሚለው ስም የተሰጠው ለመዋጮው ነበር፤ ማዕዱ የሚቀርበውም አብዛኛውን ጊዜ ቤት ውስጥ ነበር። ይህ ለመዝገበ ቃላት ወዳጆች ብቻ የሚጠቅም እውቀት አይደለም። ሐይቅ ዳር ወጥተው የተበላሹ ምሳዎችን ብንቆጥር፣ ወጡ የኮመጠጠው፣ ውሃው በግማሽ ቀን ያለቀው፣ አራት ሰው ዳቦ አምጥቶ ጨው የጠፋበት፣ አብዛኞቹ የተበላሹት ገና ከቤት ሳይወጡ፣ «ማን ምን ይዞ ይምጣ» በሚለው ላይ ነው።

ከቃሉ እንጀምር። እ.ኤ.አ. በ1649 ፓሪስ በዓመፅ በታመሰችበት ጊዜ በታተመ አንድ የስላቅ ግጥም ውስጥ «ፒክ-ኒክ» የሚለው ስም መብልና መጠጥ ለሚወዱ ማኅበርተኞች መጠሪያ ሆኖ ይገኛል። ከዚያ በ1694 የታተመው የዢል ሜናዥ የፈረንሳይኛ ሥርወ ቃል መዝገበ ቃላት ትርጉሙን በግልጽ ያስቀምጣል፦ ፒክኒክ አድርጎ መብላት ማለት እያንዳንዱ የድርሻውን የሚከፍልበት ማዕድ ነው። ሜናዥ ቃሉ በቋንቋው ውስጥ የቆየ እንዳልሆነም ጨምሮ ጽፏል። የመጀመሪያው ክፍል «ፒኬ» ከሚለው ግስ እንደመጣ ይታመናል፤ መውጋት፣ እንደ ወፍ ለቀም ማድረግ እንደማለት ነው። «ኒክ» የሚባለው ደግሞ እዚህ ግባ የማይባል ትንሽ ነገርን ያመለክታል፤ ቤት ለመምታት የተጨመረ ነው የሚሉም አሉ። በሁለቱም መንገድ ከሣር፣ ከዛፍ ጥላ፣ ከሐይቅ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም።

ወደ እንግሊዝኛ ሲሻገርም ገና ቤት ውስጥ ነበር። ሎርድ ቼስተርፊልድ በ1748 ጀርመን አገር ለነበረው ልጁ በጻፈው ደብዳቤ ቃሉን ለካርታ ጨዋታና ለመጠጥ መሰባሰቢያ ተጠቅሞበታል። ከ1801 ጀምሮ ደግሞ ለንደን ውስጥ በዚሁ ስም የተቋቋመ ማኅበር ነበር። አባላቱ አዳራሽ ውስጥ ቴአትር ያሳዩ፣ አብረውም ይበሉ ነበር፤ ለማዕዱ ማን ምን እንደሚያመጣ የሚለየው በዕጣ ነበር። ማኅበሩ ብዙ አልቆየም፤ የተወው ልማድ ግን ዛሬም ይሠራል። ዕጣ ማውጣት አራት ሰው አንድ ዓይነት ምግብ እንዳያመጣ ይከለክላል።

ወደ ውጭ የወጣው በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ አሥርት ዓመታት፣ እንግሊዝ ውስጥ ነው። የከተማ ሰው አረንጓዴ መስክ ናፈቀ፣ ቀን ወጥቶ ማታ መመለስ ቀላል ሆነ፣ መዋጮው ቅርጫት ውስጥ ገብቶ ተከተለ። እዚህ ላይ ነው የምግቡ ዓይነት የተለወጠው። በ1861 አንድ የእንግሊዝ የቤት አያያዝ መጽሐፍ ለ40 ሰው የፒክኒክ ምግብ ዝርዝር አውጥቶ ነበር፦ ቀዝቃዛ የበሬ ጥብስ፣ ቀዝቃዛ ቅቅል፣ የበግ ሥጋ፣ 4 የተጠበሱ ዶሮዎች፣ 2 ዳክዬዎች፣ በሊጥ የታሸገ ሥጋ፣ 18 ራስ ሰላጣ፣ 6 ኪያር፣ ሌላም ብዙ። መረቅ ያለው፣ በትኩሱ መድረስ ያለበት አንድም ነገር አይታይበትም። ውጭ የሚበላ ምግብ በመንገድ ላይ የሚያልፈውን ሰዓት የሚችል መሆን እንዳለበት ያን ጊዜ ተረድተውታል። እኛ ዛሬ ዶሮ ወጥ በድስት ጭነን ስንሄድ የምንስተው ይህን ነው።

ወደዚያ ከማለፋችን በፊት፣ ስለ ቃሉ መነሻ በማኅበራዊ ሚዲያ እየተመላለሰ የሚመጣ አንድ ወሬ አለ። «ፒክኒክ» የሚለው ቃል የተወለደው አሜሪካ ውስጥ ነጮች ጥቁር ሰው መርጠው ሲሰቅሉ ነው፣ ስለዚህ ቃሉን መጠቀም ነውር ነው ይላል። ወሬው ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በእንግሊዝኛ በኢሜይል ሲዞር የነበረ ነው። የቃሉን መነሻ በሚመለከት ሐሰት ነው፤ ቃሉ በፓሪስ ጽሑፍ ላይ ከታየበት ከ1649 ወዲህ ቢቆጠር እንኳ አሜሪካ ውስጥ የመንጋ ግድያው ከበረታበት ዘመን ከ200 ዓመት በላይ ይቀድማል፤ ድምፁም ከፈረንሳይኛው ቃል በቀጥታ የመጣ ነው። ወሬውን ያመነ ሰው ግን ከባዶ ሜዳ ተነሥቶ አላመነም። ተስኪጊ የተባለው የጥቁሮች የትምህርት ተቋም ከ1882 እስከ 1968 ባለው ጊዜ 4,743 እንዲህ ያሉ ግድያዎችን መዝግቧል፤ ከነዚህ 3,446ቱ የተፈጸሙት በጥቁሮች ላይ ነበር። አንዳንዶቹ ላይ ሕዝብ ልጆቹን ይዞ እንደ በዓል ተሰብስቧል፣ ምግብ ተበልቷል፣ የሬሳ ፎቶ በፖስታ ካርድ ታትሞ ተሽጧል። ስለዚህ ወሬውን ስናርም «ሐሰት ነው» ብለን ብቻ ማለፍ አይገባም። ሐሰቱ የቃሉ ልደት ነው፤ ግድያው እውነት ነው። ሁለቱን ለያይቶ መናገር ለሟቾቹም ለቋንቋውም ክብር ነው።

እኛ ጋ የቃሉ ሥራ ለብዙ ቃላት ተከፋፍሎ ይገኛል። ሽርሽር ከመንሸራሸር የመጣ ስለሆነ የሚያሳየው መውጣቱንና መዞሩን ነው፤ ሰው ባዶ እጁን ሄዶ ሻይ ጠጥቶ ቢመለስም ሽርሽር ነው። ስንቅ መንገደኛ የሚይዘው ምግብ ነው፤ ለብቻም ይሰነቃል። ግብዣ ላይ አንድ ሰው ይከፍላል፣ ሌላው ይበላል። ማኅበርና ሰንበቴ በተራ ይሄዳሉ፤ ዛሬ አንተ ደግሰህ በሚቀጥለው እሷ ትደግሳለች። መዋጮ ደግሞ በአንድ ቀን ሁሉም የድርሻውን የሚያኖርበት ነው። የጥንቱ ፒክኒክ በትክክል ይህ የመጨረሻው ነበር። ዛሬ የምንለው ፒክኒክ ሽርሽርን፣ ስንቅንና መዋጮን አንድ ላይ ያሰረ ነው፤ ከሦስቱ አንዱ ሲላላ ቀኑ ይበላሻል። ብዙ ጊዜ የሚላላው ስንቁ ነው። የቢሮ ባልደረቦች፣ ተመራቂዎች፣ አብሮ አደጎች ገንዘብ ያዋጣሉ፤ ገንዘቡ ለአንድ ሰው ይሰጣል፤ ያ ሰው ደግሞ ለቤት ውስጥ ድግስ የሚታሰበውን ሁሉ ገዝቶና አሠርቶ ያመጣል። ገንዘቡ ተሟልቶ ሳለ ምግቡ የመንገድ ምግብ ስላልሆነ ይጎዳል።

አገልግልን ቀረብ ብሎ ያየ ሰው የስንቅን ጥበብ ያገኘዋል። እንደ መሶብ ከሣር ይሰፋል፣ ከውጭ በቆዳ ይለበጣል፣ ክዳኑ ጠበቅ ብሎ ይገጥማል፣ በጠፍር ታስሮ ይንጠለጠላል። ቆዳው አቧራና ፀሐይ ይመልሳል፤ ሣሩ ከእንጀራው የሚወጣውን ላብ ይመጥጣል። ውስጡ የሚገባውም ወጥ ሆን ተብሎ ደረቅ የተደረገ ነው፤ በእንጀራ መሐል ይቀባል፣ ይጠቀለላል፣ ይደራረባል። ዛሬ ሰው አገልግሉ እንዳይቆሽሽ ብሎ ውስጡን በፌስታል ያለብሰዋል። ያኔ ላቡ መሄጃ ያጣና እንጀራው ይረጥባል፣ ይበጣጠሳል፣ ሽታው ይለወጣል። ንጹሕ ነጠላ ወይም የጥጥ ጨርቅ ያንኑ ሥራ ያለዚህ ጣጣ ይሠራል። ሌላም መታወቅ ያለበት አለ። አገልግል ሙቀት ይይዛል፣ ግን ምግቡን ለብ ያለ አድርጎ ነው የሚያቆየው፤ ለተሐዋስያን ከዚህ የሚመች ሙቀት የለም። አገልግል የሚያስተማምነው ለደረቅና ለኮምጣጣ ምግብ ነው። መረቅ ላለው ወጥ አያስተማምንም።

የሲዳማ የፍቼ ጫምባላላ በዓል፣ በ2015 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ የተመዘገበው፣ ሐዋሳ ላይ በጉዱማሌ አደባባይ ሲከበር ሌላ ዓይነት ምሳሌ ይሰጣል። በፍቼ ምሽት የሚቀርበው ቡርሳሜ ከእንሰት፣ ከቅቤና ከወተት የሚሠራ ሲሆን ጎረቤት ተጠርቶ ከአንድ ዕቃ በጋራ ይበላል። በማግስቱ ሰዉ ወደ አደባባይ ይወጣል። የሚበላው ቤት፣ የሚወጣው ለጨዋታና ለዘፈን ነው። ከቅቤ ጋር የተሠራ ምግብ በዚያ ፀሐይ ሜዳ ላይ ይዋል ያለ የለም። መለየቱ ትልቅ ብልሃት ነው፤ ሁሉም ማዕድ ወደ ውጭ መውጣት የለበትም።

እንግዲህ ወደ ሥራው። ለ20 ሰው፣ ከ6 ቤት ለተውጣጣ ቡድን የሐይቅ ዳር ምሳ እናስብ። መጀመሪያ መወሰን ያለበት ሰዓቱ ነው፤ የምግቡ ዝርዝር ከሰዓቱ በኋላ ይመጣል። ምግቡ ከምድጃ ከወረደበት እስከሚበላበት ስንት ሰዓት ይቆያል? የምግብ ደኅንነት መለኪያው ቀላል ነው፦ ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ውስጥ የበሰለ ምግብ ከ2 ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም፤ ቀኑ ከ32 ዲግሪ በላይ ከሞቀ ወይም ምግቡ በተዘጋ መኪና ውስጥ ከተቀመጠ 1 ሰዓት ይበቃዋል። ሐዋሳ በየካቲትና በመጋቢት ቀትሩ ወደ 30 ዲግሪ ይጠጋል፤ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጡ ከዚያ በጣም ይበልጣል። ስለዚህ ምሳው 6 ሰዓት ተኩል ከሆነ ከ4 ሰዓት ተኩል በፊት የወረደ ወጥ ወይ እንደፈላ በደህና ዕቃ ታሽጎ መምጣት አለበት፣ ወይ እዚያው እንደገና መፍላት አለበት፣ ወይ ደግሞ ከዝርዝሩ መውጣት አለበት።

ከዚያ በኋላ ድርሻው እንደየቤቱ አቅምና ርቀት ይደለደላል። ለሐይቁ የሚቀርበው ቤት ትኩሱን ይይዛል። ፍሪጅ ያለው ቤት በረዶና መጠጥ ይይዛል፤ ከዋዜማው ጀምሮ የውሃ ላስቲኮችን ያቀዘቅዛል። ሩቅ የሚኖረው ደረቁን፦ ዳቦ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ጭኮ። ምግብ መሥራት የማይመቸው ውሃና ከሰል ያምጣ፤ ይህ ትንሽ ድርሻ አይደለም፣ እንዲያውም ሲጎድል ቀኑን የሚያቆመው እሱ ነው። እያንዳንዱ ቤት የሚያመጣው በስም ይጻፍና ለሁሉም ይላክ። «ሁላችሁም የቻላችሁትን» የሚል መልእክት አራት ሰላጣ ያስመጣል፣ ቢላዋ ግን አያስመጣም።

መጠኑ ይህን ያህል ይሁን። እንጀራ ለአንድ ሰው 2፣ በጠቅላላው 40። ወጥ ለአንድ ሰው 250 ግራም ገደማ፣ በጠቅላላው 5 ኪሎ፤ ከዚህ ግማሹ ምስርና አተር ክክ ቢሆን ጿሚውም ያልጾመውም ይበላል። ፍራፍሬ 5 ኪሎ፤ ሙዝና ብርቱካን ተልጦ ስለሚበላ ከሁሉ ይመረጣል። አቮካዶና ማንጎ በሙሉው ይምጣና እዚያ ይቆረጥ። የሚጠጣ ውሃ ለአንድ ሰው 1 ሊትር ተኩል፣ በጠቅላላው 30 ሊትር። ለእጅና ለዕቃ ማጠቢያ ሁለት 20 ሊትር ጄሪካን ለብቻው። ከሰል 3 ኪሎ፤ ቡና 250 ግራም፤ ስኳር ግማሽ ኪሎ። ጨው፣ ክብሪት፣ ሁለት ቢላዋ፣ መክተፊያ፣ ጭልፋ ለየወጡ አንድ፣ ሳሙና፣ ሦስት ንጹሕ ጨርቅ፣ ሁለት ጆንያ። ይህ የመጨረሻው መስመር ለአንድ ሰው በስም ካልተሰጠ ከመስመሩ አንዱ እንደሚቀር እወቁት።

ከምግቡ መሐል ብዙ ሆድ የሚያሳምመው ማታ ተሠርቶ ጧት የሚጫነው ዶሮ ወጥ ወይም ቀይ ወጥ ነው። ምክንያቱን መረዳት ይጠቅማል። ትልቅ ድስት ሙቀቱን የሚለቀው በጣም ቀስ ብሎ ነው። ክዳኑ ተገጥሞ በጋቢ ተጠቅልሎ ካደረ ከ60 ዲግሪ ወርዶ ወደ ክፍል ሙቀት ለመድረስ ሌሊቱን ሁሉ ይወስድበታል። በሥጋና በወጥ ውስጥ የሚኖር አንድ ዓይነት ባክቴሪያ ዘሩ መፍላትን ይቋቋማል፤ ወጡ ለብ ሲል ይነቃል፣ አየር በሌለበት በድስቱ ታች ይራባል። ወጡ አይሸትም፣ አይኮመጥጥም፤ የበላው ሰው ግን ከ6 እስከ 24 ሰዓት ውስጥ ሆዱን ይቆርጠዋል። በዋዜማው መሥራት ግድ ከሆነ ወጡን ከ5 ሴንቲሜትር በማይበልጥ ጥልቀት በብዙ ሳህን ከፍሎ ማቀዝቀዝ፣ ፍሪጅ ውስጥ ማሳደር፣ ሐይቅ ዳር ላይ ደግሞ ከዳር እስከ መሐል እስኪንተከተክ ማፍላት ነው። «ሞቅ ሞቅ» ማድረግ አይበቃም፤ ያ ተሐዋስያኑን ማነቃቃት ነው። ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,700 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ መፍላቱ ለደኅንነት ይበቃል፣ ጥሬ ባቄላና ድንች ለማብሰል ግን ከቆላው ይልቅ ጊዜ ይፈጃል። እዚያ ደርሶ ከጥሬው ማብሰል የሚያስብ ሰው ይህን ያስላ።

ክትፎና አይብ ቤት ይቅሩ። ሩዝም እንዲሁ ይታሰብበት፤ ብዙ ሰው ሩዝ ደረቅ ስለሚመስለው አይጠራጠረውም፣ ነገር ግን ተቀቅሎ ለብ ብሎ የቆየ ሩዝ የታወቀ የትውከት ምክንያት ነው። ሰላጣ ታጥቦ ይምጣ እንጂ ዘይቱና ሎሚው እዚያ ይግባበት። የተቀቀለ እንቁላል ከነቅርፊቱ ይምጣ። በአንጻሩ እንጀራ ራሱ ኮምጣጣ በመሆኑ ተሐዋስያን አይመቻቸውም፤ ጠላቱ ሻጋታ ነው፣ ሻጋታም የሚመጣው ከእርጥበት ስለሆነ ሳይበርድ አይጠቅለል። ቋንጣ ፍርፍር፣ ድርቆሽ፣ በሶ፣ ጭኮ ለዚህ የተፈጠሩ ምግቦች ናቸው። የተቆላ የገብስ ዱቄት በነጠረ ቅቤ የታሸው ጭኮ ሳምንታት ይቆያል፤ ምክንያቱም ውስጡ ተሐዋስያን የሚጠጡት ውሃ የለም። የድሮ ሰው ለስንቅ የመረጠውን ሁሉ ብናይ ወይ ደርቋል፣ ወይ ኮምጥጧል፣ ወይ ጨው በዝቶበታል። ይህን የሚያክል የተፈተነ ዝርዝር በእጃችን እያለ ማዮኒዝ የተለወሰ ሰላጣ ፀሐይ ላይ ማስጣት ያሳዝናል።

ሐዋሳ ላይ ግን አንድ ምግብ ከቤት ተጭኖ መምጣት አያስፈልገውም፦ ዓሣ። አሞራ ገደል ጀልባዎቹ የሚገቡት በጧት ነው፤ ቆሮሶ፣ አምባዛና ቢልጫ ከዚያው ይገኛል። ዓሣ ለሐዋሳ ማዕድ ከጣዕሙ ሌላ ጥቅም አለው። ኦርቶዶክሱ፣ ፕሮቴስታንቱና ሙስሊሙ በአንድ ሰፌድ ዙሪያ ሲቀመጡ «ይህ የማን ሥጋ ነው» የሚለው ጥያቄ አይነሳም። ዓሣ ባርኮ የሚያርደው አይፈልግም። በጾም ቀን ዓሣ የማይበሉ ስላሉ ረቡዕ፣ ዓርብና ዐቢይ ጾም ላይ ምስሩ ይጨመራል፣ ነገሩ ተፈታ። ከተለያየ እምነት የተሰበሰበ ቡድን ሲያቅድ መጀመሪያ ዓሣውን ይያዝ የምንለው ለዚህ ነው።

ሲገዛ ዓይኑ ጥርት ያለና ወጣ ያለ፣ ከጭንቅላቱ ጎን ያለው ክዳን ሲገለጥ ውስጡ ደማቅ ቀይ፣ ሥጋው በጣት ሲጫኑት የሚመለስ ይሁን። ቡኒ የሆነ መተንፈሻና ጎድጎድ ያለ ዓይን ያደረ ዓሣ ምልክት ነው፤ ውሃ ተረጭቶበት ቢያብረቀርቅም አይታለፍ። ቆሮሶ ሲፋቅና አጥንቱ ሲወጣ የሚቀረው ሥጋ ከክብደቱ ሲሶ ገደማ ነው። ለ20 ሰው 200 ግራም ሥጋ ከታሰበ ሙሉ ዓሣው 12 ኪሎ መሆን አለበት። 4 ኪሎ ገዝቶ «አነሰ» ማለት የሒሳቡ ጥፋት ነው። በሙሉው የሚጠበስ ከሆነ ግን 250 ግራም የሚመዝን አንድ አንድ ዓሣ ለየሰው ይበቃል። ጧት ተገዝቶ ለቀትር የሚቆይ ከሆነ ሆዱ ይውጣና ለ1 ኪሎ ዓሣ 1 ኪሎ በረዶ ይደረግ።

ጥብሱ ላይ የሚሳሳተው ሁለት ነገር ነው፤ ዘይቱ ሳይግል መክተትና ብዙ መክተት። ዘይቱ መድረሱን ለማወቅ ቁራሽ ዳቦ ጣል ይደረጋል፤ ወዲያው እየተንጫጫ ከተንሳፈፈ ደርሷል። ዓሣው በጨርቅ ይድረቅ፣ በየጎኑ ሦስት አራት ጊዜ እስከ አጥንቱ ይተልተል፣ በአንድ መጥበሻ ከሦስት አይብለጥ። በየጎኑ 5 ወይም 6 ደቂቃ ይበቃዋል። ከአከርካሪው አጠገብ ያለው ሥጋ ነጭ ሆኖ ከአጥንቱ ከተላቀቀ በስሏል፤ ብርሃን የሚያሳልፍ ከመሰለ ይመለስ። ጥሬ ዓሣ በዳጣና በሎሚ መብላት በሐዋሳ የተወደደ ነው፣ ይህን አውቀን እንናገራለን። በሐዋሳ ሐይቅ ዓሦች ውስጥ ጥገኛ ትሎች እንደሚገኙ በምርምር የታወቀ ነው። ሎሚና ሚጥሚጣ የሥጋውን መልክ ይለውጣሉ፣ ትሉን አይገድሉም። ትሉን የሚገድለው ወይ ማብሰል ነው፣ ወይ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ለ7 ቀን ማቆየት። ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡር ጥሬ ዓሣ ባይቀርብ ይሻላል።

ውሃው በጄሪካን ይምጣ ያልነው ለቁጥር አይደለም። ሐይቁ አጠገብ ስለሆነ ሳህን እዚያው ማለቅለቅ፣ ልጆችን ዳር ላይ ማስታጠብ ይቀናል። በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ቢልሃርዝያ አለ። በሽታው በመጠጣት ብቻ የሚያዝ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ ዋናው መግቢያው ግን ቆዳ ነው። ቀንድ አውጣ ውስጥ የሚያድገው ጥገኛ ሣር ባለበት ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ይዋኛል፣ እጅና እግርን በደቂቃዎች ውስጥ ሰርስሮ ይገባል። አንድ ጄሪካን ከእንጨት ላይ ከፍ ብሎ ይቀመጥ፣ ሳሙናው ከጎኑ ይንጠልጠል፣ ከማዕዱ አሥር እርምጃ ይራቅ። በእጅ ለሚበላ ሕዝብ ከዚህ የሚቀድም ዕቃ የለም።

እሳቱ የሚቀመጥበት ቦታ በነፋሱ ይወሰናል። ፀሐይ ከበረታች በኋላ ነፋሱ ከሐይቁ ወደ የብስ መንፈስ ይጀምራል፤ ጧት ጸጥ ባለ ሰዓት ምድጃውን ውሃው ዳር ያኖረ ሰው ከቀትር በኋላ ጭሱ በሰው ፊት ላይ ያልፋል፣ ፍንጣሪው ምንጣፍ ያቃጥላል። ምድጃው ከተቀመጠው ሰው ጀርባ፣ በየብሱ በኩል፣ ሣሩ ተነሥቶ ባዶ አፈር ላይ ይሁን። ላቀች ምድጃ ከሰል ይቆጥባል፣ ነፋስም ይከላከላል። ቡናው ከዓሣው በኋላ በቀረው ፍም ይፈላል።

የአሞራ ገደል ጦጣዎችና አባ ኮዳዎች ሰው አይፈሩም፤ ያለመዳቸውም በእጅ የሚሰጣቸው ምግብ ነው። ጦጣ አንዴ ከእጅ ከተቀበለች ሁለተኛውን ትነጥቃለች፣ ልጅ ከሆነ የያዘው ትቧጭራለች ወይም ትነክሳለች። የዓሣው አጥንትና የሆድ ዕቃው ተሰብስቦ በክዳን ዕቃ ይያዝ።

ቆሻሻው ላይ ሐይቁ ራሱ ግድ ይላል። ጥቁር ውሃ ወንዝ ወደ ሐዋሳ ሐይቅ ይገባል፣ ከሐይቁ ግን በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የለም። የገባ ፌስታል ታጥቦ የሚሄድበት መንገድ የለውም፤ እዚያው ይቀራል፣ ይሰባበራል፣ ዓሣው ይውጠዋል፣ ዓሣውን ደግሞ በሚቀጥለው እሑድ እኛ እንበላዋለን። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. ስስ የፕላስቲክ ከረጢትን የሚከለክል የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ አጽድቋል፤ ነገር ግን ለፒክኒክ ፌስታል ለማስቀረት አዋጅ አያስፈልግም። እንጀራው በጨርቅ፣ ወጡ በሣፋና በክዳን ዕቃ፣ ውሃው በጄሪካን፣ ሰሐኑ ከቤት ከመጣ የሚጣለው የፍራፍሬ ልጣጭና የዓሣ አጥንት ብቻ ነው። ለአንዱ ጆንያ ደረቁ፣ ለሁለተኛው የሚበሰብሰው። ፍሙ በውሃ ይጥፋ፣ በእጅ ተነክቶ መቀዝቀዙ ይረጋገጥ፤ ትኩስ አመድ የገባበት ጆንያ መኪና ውስጥ ያጨሳል። ጆንያዎቹን ወደ ከተማ የሚመልሰው ሰው ስም ደግሞ ከሁሉ በፊት፣ ድርሻው ሲደለደል፣ ከዳቦውና ከወጡ ጎን ይጻፍ።